ከተቅማጥ ትምህርቱ ሥር የቀረው የእናቴ ድምፅ

በዚህ ክረምት የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከልብሷ ይልቅ የተጠነቀቀችለት በብርድ ልብስ የጠቀለለችው ኪቦርድ ነበር። ዕድሜዋ 12 ነው። ሲቀላ ያለው ቤታችን ከአስፋልቱ ስለማይርቅ የባጃጅ ጩኸት ለምዶናል፤ የእሷ ግን ሌላ ሆነብኝ። ግራ እጇ አንድ ነገር ሳያቋርጥ ይደጋግማል፤ ዱም ዱም ዱም ዱም። ቀኝ እጇ ደግሞ ከላይ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ወጡ እስኪበስል ድረስ ጭንቅላቴ ውስጥ ባቡር ሲመላለስ ዋለ።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ቡጊ ውጊ ነው፣ እማማ። ኖታውን ግን አጣሁት። የማገኘው ሁሉ ወይ በዶላር የሚከፈልበት ነው፣ ወይ ለሕፃን ተብሎ የቀለለ ነው።»

ያን ቀን ማታ ስልኳን ይዘን ቁጭ አልን። ያነበብነውን ላካፍላችሁ። ቡጊ ውጊ በደቡባዊ አሜሪካ፣ በእንጨት ቆራጮች ካምፕና በባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሠፈር፣ ጥቁር ፒያኖ ተጫዋቾች ያሳደጉት አጨዋወት ነው። ባቡር ይመስላል ያልኩት ለካ አልተሳሳትኩም። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ በጆሯቸው የተማሩ ስለነበሩ የጻፉት ኖታ አልነበረም። ዛሬ በወረቀት የሚገኘው አብዛኛው ነገር ሌላ ሰው ሸክላውን ደጋግሞ እየሰማ የገለበጠው ነው። ሸክላው ከጠፋ ዜማውም ጠፋ ማለት ነው።

ሚድ ላክስ ሉዊስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1927 የባቡር ጉዞ የሚያስመስል አንድ ዜማ በሸክላ አስቀረጸ። ሸክላው ብዙም ሳይሰማ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ጆን ሃመንድ የሚባል ሙዚቃ ወዳድ ያንን ሸክላ ሰማና ተጫዋቹን ፍለጋ ጀመረ። በ1935 ቺካጎ ውስጥ ሲያገኘው ሰውየው መኪና እያጠበ ነበር የሚኖረው። ዜማውን እንደገና አስቀረጸው፤ በ1938 መጨረሻ ደግሞ ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ መድረክ ላይ አወጣው። ፓይንቶፕ ስሚዝ ግን እንዲህ ዓይነት ዕድል አላገኘም። ቡጊ ውጊ የሚለውን ስም በሸክላው ላይ ያስጻፈው እሱ ነው፤ በ1928 ቀረጸ፣ በማግስቱ ዓመት በዳንስ ቤት ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። 25 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

«እንዴት እንደተጫወተው ማንም አልጠየቀውም ማለት ነው» አለች ልጅቱ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የእኛስ አገር ፒያኖ?» አለችኝ።

የእኛ አገር ፒያኖማ ሲነሳ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን የሰማችሁት በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ ይሆናል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ተማሩ። ጣሊያን ሲገባ ቤተሰቡ ተግዞ ወደ ጣሊያን ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ተጨማሪ ተማሩ። ቀጥሎ ለንደን ሄደው ለመማር የነበራቸው ተስፋ ሲከለከል ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ መነኮሱ፤ በባዶ እግራቸው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ኖሩ። ወደ ፒያኖው ሲመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ ታተመ። ገቢው ለወላጅ አልባ ልጆች ነበር።

እዚህ ላይ ነው ለወላጆችና ለአያቶች የሚሆነው ነገር የሚጀምረው። ያ ሸክላ በጥቂት ቅጂ ብቻ የታተመ ስለነበረ ከጥቂት ቤቶች በቀር አልገባም። ለብዙ ዓመታት የሚያስታውሳቸው ሰው ጥቂት ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው 21ኛ ቁጥር አድርጎ ሲያወጣው ነው ዓለም የሰማው። ኖታውስ? ማያ ዱኒየትስ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኖ ተጫዋች ሲዲውን ሰምታ፣ ተጫዋቿ በሕይወት እንዳሉ ስትረዳ፣ ኢየሩሳሌም ካለው የኢትዮጵያ ገዳም ሄዳ በር አንኳኳች። እማሆይ ከዓመታት በኋላ አምነው የሰጧት በፕላስቲክ ከረጢት የታጨቁ፣ በእጅ የተጻፉ፣ እርስ በርስ የተደባለቁ በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ነበሩ። የቱ ገጽ ከየቱ እንደሚቀጥል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አጠገባቸው ተቀምጣ እየጠየቀች ለየችው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የኖታ መጽሐፉ ወጣ። ያ ከረጢት ከቀብር በኋላ ቢገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እኔ ስንት ቀብር ቤት ውስጥ አሮጌ ወረቀት ከአሮጌ ፍራሽ ጋር ሲወጣ አይቻለሁ።

የልጅ ልጄ ዜማውን ከፍታ ሰማች። «ቡጊ ውጊ አይደለም» አለች፣ ልክ ናት፤ አይደለም። ግን አላቆመችውም። ሲያልቅ፣ «እማማ፣ አንቺስ ምን አለሽ?» አለችኝ።

አለኝ። ቁም ሳጥኑ ላይ አንድ የሕክምና ዕቃ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለኝ።

ከካሴቶቹ አንዱን ብቻ ነበር የምፈልገው። በ1978 ዓ.ም. ጨንቻ አካባቢ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር፤ ከደመወዜ አጠራቅሜ ቴፕ ሪከርደር ገዛሁ። በመስቀል ሰሞን እናቴ፣ እህቷና ጎረቤቶቿ ሰብሰብ ብለው ሲዘፍኑ ቴፑን መሐላቸው አስቀምጬ ቀዳሁ። የዶርዜን አዘፋፈን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱ የሚለውን ሌላው አይደግምም። እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል፤ አራት አምስት ድምፅ ይደራረብና አንድ ይሆናል። የእናቴ ድምፅ ቀጭኑ፣ ከላይ የሚሄደው ነበር። እናቴ ካረፈች 31 ዓመት ሆኗታል። ካሴቱ እንዳለ አውቃለሁ እያልኩ አንድም ቀን አልከፈትኩትም። «አንድ ቀን» ስል ጡረታ ወጣሁ።

ካርቶኑን አወረድን። የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለተቀመጠ ካሴት ደግ አይደለም። አንዳንዶቹ ከጨንቻ እርጥበት ይዘውት የመጡት ነጭ ሻጋታ ነበረባቸው። እዚህ ላይ የነርስነቴን ልናገር፦ ሻጋታ ያለበትን ካሴት ቤት ውስጥ፣ በተለይም አስም ያለበት ልጅ ባለበት፣ አትክፈቱ። ውጭ አውጡት፣ ማስክና ጓንት አድርጉ። ሻጋታውን ሳታጸዱ ቴፕ ውስጥ ካስገባችሁት ደግሞ ቴፑን አበላሽቶ ሌሎቹንም ይበክላል፤ እንደ ተላላፊ በሽታ ነው፣ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሰማያዊ ካሴት፣ በራሴ ጽሕፈት «እናቴ፣ መስቀል» ይላል። ሰፈራችን ያለው ቴፕ ጠጋኝ የሚሠራ ማጫወቻ አዋሰኝ። ሄድ የሚባለውን ትንሽ ብረት በአልኮል በነከርኩት ጥጥ ጠረግሁት፤ የካሴቱን ክር በእርሳስ ቀስ ብዬ አጠበቅሁና ተጫንኩት።

«ንጹሕ ውኃ አንድ ሊትር…» አለ ካሴቱ።

የራሴ ድምፅ ነው። የ26 ዓመት ነርስ፣ እየተንቀጠቀጠች ስለ ኦ.አር.ኤስ ታስተምራለች። ያን ጊዜ ሕፃናት በተቅማጥ ይረግፉብን ነበር፤ ለተረኛ እናቶች ትምህርቱን ከፍቼ እንዳሰማ ባዶ ካሴት አጣሁ መሰለኝ። መቼ እንዳደረግሁት አላስታውስም። በእናቴ ላይ ቀዳሁበት። የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውም እኔ ነኝ። ልጅቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ዝም አለች። ልዘጋው ስል፣ «እስከ መጨረሻው ይሂድ፣ እማማ» አለችኝ።

ትምህርቱ አለቀ፤ ቴፑ ቋ አለ። ከዚያ እናቴ መጣች። አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ዘፈኑ እያለቀ ነው፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ እናቴ በጋሞኛ «ይሄ ነገር ጠጥቶን ጨረሰ ወይስ ይቀረዋል?» ስትል ይሰማል። ካሴቱ ቆመ።

ብዙ አላለቀስኩም። ይልቅ ተናደድኩ፣ በራሴ። ካሴት ከላይ በኩል ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት፤ እነሱን ሰብሮ ማውጣት ማንም እንዳይቀዳበት ይቆልፈዋል። የአምስት ሰከንድ ሥራ ነበር። እናንተ ቤት ያለውን ዛሬውኑ ሰብሩት።

ከዚያ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ መገልበጥ ነው። ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተር የሚሄድ ገመድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል። ካልተገኘ ደግሞ ጸጥ ባለ ክፍል ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀምጦ መቅዳት ከምንም ይሻላል፤ የእናቴን አራት ደቂቃ እንደዚያ ነው ያተረፍነው። ማጫወት ያለባችሁ አንድ ጊዜ ነውና ከመጀመራችሁ በፊት መቅጃው መብራቱን አረጋግጡ። ቅጂውን ሌላ ከተማ ላለ ልጅ ላኩለት። ዋናውን ካሴት ግን አትጣሉት። ኖታ፣ ደብተር ወይም የግጥም ወረቀት ያላችሁ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት፤ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። እኔ የአባቴን የጸሎት ደብተር በቁስል ፕላስተር ለጥፌ ፊደሉን ይዞት ተነሥቷል፤ ሙያ ሁሉ ቦታ አይሠራም። ሸክላ ያላችሁ ደግሞ በጠርዙ ያዙት፣ አቁማችሁ አስቀምጡት፤ ተጋድሞ ከተደራረበ ይጎብጣል።

ከሁሉ በፊት ግን ታሪክ ውሰዱ። በሽተኛ ሲመጣ መርፌ ከማንሳታችን በፊት እንጠይቃለን፦ ማን ነው፣ ከየት፣ ከመቼ ጀምሮ። ካሴትም እንደዚያው ነው። ማን ይዘፍናል? የት? በየትኛው ዓመት? የምታውቀው ሰው በሕይወት ካለች ዛሬ ጠይቋት።

የእኔ አለች። አክስቴ፣ በካሴቱ ላይ ወፍራሙን ድምፅ የያዘችው፣ ዶርዜ ናት። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን መንገድ የልጅ ልጄ ኪቦርዷን አቅፋ ወጣችው፤ ጉም ውስጥ ስንገባ የለበስኩትን ጋቢ ለኪቦርዱ ሰጠሁት። በስልክ ያተረፍናትን አራት ደቂቃ አሰማናት። አክስቴ ጆሮዋ ደክሟል፤ ስልኩን ጉንጯ ላይ አስደግፋ ሰማችና «እህቴ ቸኩላለች» አለች። የዘፈን ትችት ነው እንጂ ኀዘን አልነበረም።

ልጅቱ ሌላም ነገር አሰማቻት። በርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ አጥኚ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የዶርዜን ዘፈን ቀድቶ ፓሪስ ውስጥ በሸክላ አሳትሞ ነበር። ይህን ያገኘችው ያንኑ የቡጊ ውጊ ኖታ ስትፈልግ በለመደችው አፈላለግ ነው። እኔ ጎረቤት ሆኜ 40 ዓመት ስኖር አላወቅሁም፤ ለካ የእኛን ድምፅ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የሚጠብቀው ነበረ። ዘፋኞቹ እናቴ አይደሉም። አክስቴ ግን ሰምታ ሳትጨርስ ገባችበት፤ የራሷን ወፍራም ድምፅ ይዛ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር።

ልጅቱ ቶሎ ብላ እርሳስ አወጣች። የአክስቴን ድምፅ በኪቦርዱ እየፈለገች ኖታ መጻፍ ጀመረች፤ ጥቁር ቁልፍ ከነጩ መሐል የሚወድቅ ድምፅ ሲያጋጥማት እያኮረፈች። አንድ ድምፅ ጻፈች። «የእናትሽን ድምፅስ እንዴት ነበር?» ብላ አክስቴን በእኔ በኩል ጠየቀቻት።

አክስቴ አፏን ከፈተች፣ ሞከረች፣ ተወችው። ብቻዋን አይወጣላትም። ሌሎቹን ካልሰማች የእህቷ ድምፅ የት እንደሚገባ አታገኘውም። ከዚያ የመስቀል ዕለት ዘፋኝ ከነበሩት ውስጥ ሁለት ሴቶች አሁንም ከገበያው ማዶ እንዳሉ ነገረችን፤ አንዷ አልጋ ላይ ናት፣ ግን ትዘፍናለች አለች።

ቅዳሜ ተቀጣጥረናል። ስልኩን ሞልቼ ሁለተኛ ባትሪ ይዣለሁ፤ ልጅቱ አራት መስመር ያለው ደብተር አዘጋጅታለች፣ ሦስቱን ድምፅ ለመጻፍ፣ አራተኛውን መስመር ባዶ ለመተው።