የዱቤ ደብተርና የማስተርስ ጽሑፍ

ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ ባልባላ፣ ሆዳን ሰፈር ሁለት ቀን አድሬ ነበር። ያስተናገደችኝ እህታችን አገር ቤት ሳለች በአካውንቲንግ የማስተርስ ትምህርቷን ክላሱን ጨርሳ፣ የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ሲቀራት ነው የተሰደደችው።

"እሱ ነገር አበቃለት ጋሼ፣ መረጃዬ ሁሉ እዚያ ቀርቷል" አለችኝ።

ርዕሷ ምን ነበር ብትሉ፣ አንድ ባንክ ወደ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ ማለትም ወደ አይኤፍአርኤስ፣ ሲሸጋገር ስለገጠመው ችግር ነው። አገራችን በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 847ን አውጥታ፣ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቁሞ፣ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ቀድመው እንዲገቡበት ከተደረገ ወዲህ ብዙ ተማሪ በዚሁ ላይ ጽፏል። አምስት ምዕራፍ፣ አንድ መጠይቅ፣ "በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" እያለ የሚሞላ ሠራተኛ። መናቄ አይደለም፤ ግን ስለ መዝገብ ሰው ይጠየቃል እንጂ መዝገቡ ራሱ ሲከፈት ብዙም አላየሁም።

ታዲያ ማታ ዳቦ ልንገዛ ወጣንና መልሱ እዚያው ሱቅ ቆየን። ባለሱቋ ያገራችን ሰው፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር አላቸው፤ ስም፣ ቀን፣ የተወሰደው ዕቃ፣ ፍራንኩ። ሲከፈል መስመር ይሰረዛል። እሳቸው ገጹን እየገለጡ "ይሄ በወሩ መጨረሻ አይቀርም። ይሄኛው ግማሹን ነው የሚሰጠኝ። እሷ ደግሞ ሄዳለች፣ ተዪው" ይላሉ። እህታችን ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይኤፍአርኤስ ዘጠኝ ነው!" ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ደረጃ የሚለው፣ ደንበኛው መክፈል እስኪያቅተው አትጠብቅ፤ ዕዳው ሲፈጠር ጀምሮ ሊቀር የሚችለውን ገምተህ መዝግብ ነው። ትንሿ ሱቅ በዚህ ደረጃ ሪፖርት እንድታወጣ የሚያስገድዳት የለም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ለምሳሌ በዱቤ የወጣው 100,000 ፍራንክ ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 60,000ው ወር ያልሞላው፣ 30,000ው ከአንድ እስከ ሦስት ወር የሆነው፣ 10,000ው ሦስት ወር ያለፈው ነው። ከመጀመሪያው ከመቶ 2፣ ከሁለተኛው ከመቶ 10፣ ከመጨረሻው ግማሹ ይቀራል ብለን ብንገምት 1,200፣ 3,000 እና 5,000፣ በድምሩ 9,200 ፍራንክ ይመጣል። ይህ በወጪ በኩል ዴቢት፣ በመጠባበቂያ በኩል ክሬዲት ይደረጋል። ይሰበሰባል ተብሎ የሚታሰበው እንግዲህ 90,800 ነው።

እነዚያ መቶኛዎች ከየት ይመጣሉ? ካለፉት ዓመታት ደብተሮች ነዋ! ጥናቱ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ የባለሱቋ የአፍ ግምት እና አሮጌው ደብተር የሚያሳየው ይቀራረባሉ ወይስ አይቀራረቡም? ጥያቄው ጠባብ ነው፣ ማስረጃው እጅ ላይ ነው፣ እስከማውቀው ድረስም የተለመደ ርዕስ አይደለም። የከተማውን ትልልቅ ነጋዴዎች ጨምሬ ላወዳድር የሚል ካለ ግን የፈረንሳዩን የሂሳብ ቁጥሮች ማወቅ አለበት፤ ደንበኛ 411፣ አጠራጣሪ ደንበኛ 416፣ መጠባበቂያው 491 ነው። በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል።

ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው። እህታችን ሞባይሏን አውጥታ ገጾቹን ፎቶ ላንሳ ስትል ሴትየዋ ደብተሩን ጥፍት አደረጉት።

"ልጄ፣ እዚህ ላይ ካሉት ግማሾቹ ወረቀት የላቸውም። አምነውኝ ነው ስማቸውን የሰጡኝ። ለማን ልታሳዪው ነው?"

ልጅቷ አፈረች፤ እኔም አፈርኩ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ የመማርና የመሥራት መብት ሰጥቷል፤ ያልተመዘገበ ሰው ግን ስሙ በማይታወቅ እጅ ሲዞር ይፈራል፣ ቢፈራም አይፈረድበትም። ስለዚህ ተነጋግረን እንዲህ አደረግን። ፎቶ የለም። በስም ፈንታ ተራ ቁጥር ይጻፋል፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት ከባለሱቋ እጅ አይወጣም። የሱቁም ቦታ በጽሑፉ ውስጥ አይጠቀስም፤ አማካሪው "ደብተሩን በአባሪ አያይዢ" ቢላት እንኳ እምቢ ትላለች። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው፤ አንዲት መስመር ከመቅዳቷ በፊት የመታወቂያ ቁጥሯን ጠቅሳ ለትምህርት ክፍሏ ትጻፍ፤ ጊዜው አልፎባት እንደሆነና ርዕስ መቀየር ይፈቀድላት እንደሆነ ትጠይቅ። የውጤት ወረቀቷ ፎቶ ስልኳ ውስጥ ስላለ አብራ ትልካለች። ይህን ሳያጣሩ ስድስት ወር የደከሙ አውቃለሁ።

ልሰናበት ስል ሴትየዋ ከመደርደሪያው ሥር ሌላ ደብተር አውጥተው አቧራውን ጠረጉ።

"የዘንድሮውን አልሰጥም። ያምናውን ግን እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ቅጂ" አሏት።