አስፈሪው ትርኢት ለቤተ ሰብ ይገባልን?

በአሜሪካ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1989 እስከ 1996 ዓ.ም. በኤችቢኦ የታየው «ቴልስ ፍሮም ዘ ክሪፕት»፥ ትርጓሜውም የመቃብር ቤት ተረቶች፥ በየክፍሉ ራሱን የቻለ አስፈሪ ታሪክ የሚያቀርብ የቴሌቪዥን ትርኢት ነው። ክፉ አድራጊው ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ቅጣቱን ስለሚያገኝ፥ ልጆችን ግብረ ገብ ያስተምራል የሚሉ አልታጡም። እኛ ግን ይህን አንቀበለውም፤ ሕፃን ከፍርዱ ይልቅ የፈሰሰውን ደም በዓይኑ ይዞ ይተኛልና። ይልቁንም የሚያሳስበው፥ ተራኪው የደረቀ ሬሳ የሚመስል ቀልደኛ አሻንጉሊት መሆኑ ነው። በ1993 ዓ.ም. በዚሁ ተራኪ አምሳል ለልጆች የተሣለ ሌላ ትርኢት ስለ ወጣ፥ ወላጅ ፊቱን ብቻ አይቶ አንዱን በሌላው ፋንታ ሊፈቅድ ይችላል። የተሣለውን ከልጆቹ ጋራ ቢመለከት አንነቅፈውም፤ የፊተኛውን ግን ልጆቹ ሳይተኙ አይክፈተው።