ዘዬ የሌለው ማን ነው?

አንድ ጓደኛችን በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሊጠይቅ ይነሣል። ሁለት ቃል ከአፉ እንደ ወጣ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። ጥያቄው ሳይሰማ አነጋገሩ ተፈረደበት! ከሳቂዎቹ መካከል እኛም ነበርንና ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ጭምር ለመውቀስ ነው።

የአዲስ አበባ ልጆች ዘዬ የሌለን ይመስለናል። ነገር ግን ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ከየአገሩ የመጣ ሰው አፍ የተደባለቀባት ናት። የሸዋ ሽማግሌዎች «ጦም»ና «ጠሎት» ይላሉ፤ እኛም «ጠጉር» ስንል ያንኑ መከተላችን ነው። የጎጃሙ ጓደኛችን «መጥቸ» ቢል፣ የእኛም «መጥቼ» ያው ዘዬ ነው።

እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ብንወርድ ደግሞ መንገዱ አጭር፣ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በዚያ ያደገው ብዙ ልጅ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ የአናባቢ መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለውጣል፤ «መሬት»ና «ለስላሳ» የሚባሉት ቃላት እንኳ የሚለያዩት በዚሁ ብቻ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ አማርኛውን ሳብ ቢያደርገው የእናቱን ቋንቋ ሥርዓት ይዞ እንጂ ዕውቀት ጐድሎት አይደለም። ከእኛስ መካከል አንዲት ጥያቄ በኦሮምኛ አሟልቶ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

የተሳቀበት ተማሪ ሁለተኛ እጁን አያነሣም። በዚያ የሚቀረው ጥያቄ ደግሞ የሁላችንም ነው። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጆሯችንን ከአነጋገሩ ወደ ነገሩ እንመልስ።