«ሲስተም የለም» ሲባል የጠፋው ምንድን ነው?

ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ባሉ የአገልግሎት መስኮቶች ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ጥፋቱ ሁልጊዜ በኔትወርክ ይላከካል። ኔትወርኩ በእርግጥ ይቆራረጣል። ግን ኔትወርክ ስለዘገየ ስክሪኑ ለምን ይደርቃል? መዘግየቱ የመስመሩ ችግር ነው፤ መድረቁ ግን የፕሮግራመሩ ነው።

ነገሩ እዚያው አደባባዩ ላይ በባቡሩ ይታያል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለቱም የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው። እዚያ መሃል አንድ ባቡር ከቆመ ከኋላው ያለው የቃሊቲም የአያትም ተሳፋሪ አብሮ ይቆማል።

ሳይታሰብበት የተጻፈ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ በፐርል ቋንቋና በቲኬ በሚሠሩ መስኮቶች ውስጥ «ሜይንሉፕ» የሚባል ዑደት አለ፤ ጠቅታ የሚቀበለውም መስኮቱን የሚስለውም እሱ ብቻ ነው። ቁልፍ ሲነካ ረጅሙ ሥራ «ሲስተም» በተባለችው ትእዛዝ ከተጠራ (ስሟ ራሱ ያስቃል፤ እዚህ ላይ ችግሩ ሲስተም መኖሩ ነው) ሥራው እስኪያልቅ ዑደቱ ቆሞ ይጠብቃል። መስኮቱ ይነጣል። ሠራተኛዋም «የለም» ትላለች።

የተለመደው ማስታገሻ በየመሃሉ «አፕዴት» መጥራት ነው። መስኮቱ ይነቃል፣ ግን ቁልፉም አብሮ ይነቃል። ትዕግሥቷ ያለቀ ሠራተኛ ደግማ ስትጫን ያው ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊላክ ይችላል፤ የሚቀነሰው ደግሞ ከባለጉዳዩ ሒሳብ ነው።

ትክክለኛው መላ የቆየ ነው። ረጅሙ ሥራ በ«ፎርክ» ለሌላ ፕሮሰስ ይሰጣል፤ ያ ፕሮሰስ መስኮቱን ፈጽሞ አይነካም። መልሱ በፓይፕ ሲመጣ «ፋይልኢቨንት» ለዑደቱ ይነግረዋል። እስከዚያው «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ይዘጋል፣ «ሰርዝ» የሚለው ይከፈታል። ዊንዶውስ ላይ ይህ መንገድ ስለማያስተማምን ሥራው በሌላ መንገድ ተለይቶ፣ ዑደቱ በየጊዜው «አለቀ?» ብሎ እንዲያይ ይደረጋል። የአንድ ሳምንት ሥራ እንኳ አይሆንም።

ስለዚህ ሶፍትዌር የሚረከቡ መሥሪያ ቤቶች በርክክቡ ቀን አንድ ፈተና ይጨምሩ፦ ክፍያው መሃል ላይ ሳለ የኔትወርክ ገመዱ ይነቀል። ስክሪኑ ከደረቀ አይፈርሙ።