የወይን እርሻ ለሠርግ ቢከራይ

ነጋዴ በሚዛን የሚመዘነውንና በክንድ የሚለካውን ሸቀጥ ሲሸጥ ኖሯል። በወይን አብቃይ አገሮች ግን ከጠርሙሱ ጋር ጠርሙሱ የተሞላበት ስፍራም ገዢ አግኝቷል። ሙሽሮች ከከተማ፥ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ ተነሥተው በወይኑ መደዳዎች አጠገብ ወንበር አስደርድረው፥ በተንጣለለው ሰማይ ሥር ቃል ኪዳን ይገባሉ፤ እድምተኞቻቸውም ሁለትና ሦስት ሌሊት እዚያው አድረው ገንዘባቸውን አውጥተው ይመለሳሉ። ይህ በላኪ ዓይን ሲታይ ሳጥንም፥ የመርከብ ኪራይም፥ የባሕር ኢንሹራንስም የማይጠይቅ ወጪ ንግድ ነው፤ ገዢው ራሱ መጥቶ ይገዛልና። ጥቅሙ እንዲህ ግልጽ ስለ ሆነ ለማመስገን ቃል ማብዛት አያሻም። ሊታሰብበት የሚገባው ገበያው በምን እንደሚበላሽ ነው።

በደቡብ አፍሪካ በኬፕ የመጀመሪያው ወይን የተጨመቀው በ1659 ዓ.ም. ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የስቴለንቦሽ አምራቾች በ1971 ዓ.ም. እርሻዎቻቸውን ለጎብኚ የሚያገናኝ የወይን መንገድ መሠረቱ። ጎብኚው ወይን ሊቀምስ መጣ፤ ሲቀምስም ግድግዳቸው የነጣውን አሮጌ ቤቶችና ከኋላቸው የቆመውን ተራራ አየ፤ ከዚያም ልጁን ሊድር ተመለሰ። ዛሬ ከእርሻዎቹ ብዙዎቹ የሠርግ አዳራሽ አላቸው። አዳራሽ መሥራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ድንኳንም ሆነ የሙሽራ ዓይነ ርግብ አያከብርም።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የናፓ ሸለቆ ነው። በ1976 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የቅምሻ ውድድር የናፓ ወይኖች የፈረንሳዮቹን ከበለጡ ወዲህ ስሙ በዓለም ስለ ታወቀ፥ በዚያ መጋባት የሚመኘው ብዙ ነው። ነገር ግን በአውራጃው የእርሻ መሬት ላይ የሚገኙ ወይን ጠማቂዎች፥ አስቀድሞ መብት ከነበራቸው ከጥቂቶች በቀር፥ ግቢያቸውን ለሠርግ ማከራየት አይፈቀድላቸውም። የሸለቆው መሬት በ1968 ዓ.ም. ለእርሻ እንዲጠበቅ ተወስኖ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ በወይን ገበሬዎችና በጠማቂዎች መካከል ከተደረገ ረጅም ክርክር በኋላ፥ ወይን ጠማቂ ማለት ምን እንደ ሆነና ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚደነግግ ደንብ ወጣ። ክልከላው ለነጋዴ አእምሮ የሚገባ ነው። ከድግስ የሚገኘው ገንዘብ ከወይን ፍሬ ከሚገኘው ሲበልጥ የመሬቱ ዋጋ በድግሱ ልክ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወይን ሊተክል የሚፈልግ ሰው መሬቱን ሊገዛ አይችልም።

ደንቡ ከመጠን አልፏል የሚል አይታጣም፤ ጎረቤቱ የሶኖማ አውራጃ በፈቃድ ስለሚያስተናግድ ሠርገኛው ወደዚያ ይሻገራልና። የናፓ ሰዎች ግን ገንዘብ እያለፋቸው ዕቃቸውን ጠብቀዋል። የሚሸጠው አረንጓዴው ማሳ ከሆነ፥ ማሳውን የመኪና ማቆሚያ ያደረገ ሰው ምን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል?

በተግባር የሚነሣው ጣጣም ብዙ ነው። በሰሜኑ የምድር ክፍል ወይን የሚለቀመው በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሲሆን፥ ለሠርግ የሚመረጡትም እነዚያው ወራት ናቸው። ጭር ያለ ማሳ ተስፋ የተሰጠው ሙሽራ ሲደርስ ትራክተርና የለቃሚ ጭፍራ ይቀበለዋል። ተክሉ መድኃኒት በተረጨ ጊዜ ሰው ወደ መደዳው የማይገባበት ሰዓት አለ። ለሃያ ሠራተኛ የተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሦስት መቶ እንግዳ አይችልም። ይህን ሁሉ በውል ላይ ሳያሰፍር ቀብድ የሚቀበል ባለ እርሻ ኋላ ቀብዱን መመለስ ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያጣል። ሠርገኛው የእርሻውን ወይን ብቻ እንዲገዛ ማድረጉ ግን ሊነቀፍ አይገባም፤ አምራች ያለ አከፋፋይ በችርቻሮ ዋጋ የሚሸጥበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ብቻ ዋጋው ከቀብዱ በፊት ይነገር።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ነጋዴም ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዝዋይ፥ በዛሬ ስሙ በባቱ፥ ከተተከለው ወይን የተጠመቀው የካስቴል ምርት በ2014 ዓ.ም. ለገበያ ቀርቧል። ማሳው ጉማሬ እንዳይገባበት ዙሪያው ተቆፍሯል፤ ይህም ሌላ የወይን አገር የማያውቀው ወጪ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሠርግ ለማስተናገድ የሚያስብ ሰው ቢነሣ፥ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሠርግ ወራት ደረቅ ስለ ሆነ ዝናብ ብዙ አያሰጋውም። የሚያሰጋው የውጭውን ሒሳብ እንዳለ መገልበጡ ነው። በውጭ አገር እድምተኛው መኝታውንና መጓጓዣውን ራሱ ይከፍላል፤ በእኛ አገር ግን ሰው ጠርቶ የኪራይ ሒሳብ ማሳየት ነውር ነው። ዘመዱን፥ ጎረቤቱንና እድርተኛውን ሁሉ 160 ኪሎ ሜትር አጓጉዞ የሚያሳድር አባት ስንት ይገኛል? ያላሳደረ እንደ ሆነም ወይን የጠጣ እንግዳ በሌሊት መኪና እየነዳ ሊመለስ ነው፤ ይህን አደጋ በሒሳብ መዝገብ ውስጥ የሚያገባ ነጋዴ የለም።

ስለዚህ ለእርሻው የሚስማማው ትልቁ ድግስ ሳይሆን ቅልቅሉ ነው። ቅልቅል የሁለቱ ቤተሰብ መተዋወቂያ ስለ ሆነ ሰባና ሰማንያ ሰው ይበቃዋል፤ በሁለት አውቶቡስ ሄዶ በከተማው ሆቴሎች ሊያድር ይችላል፤ የአውቶቡሱና የመኝታው ዋጋም ከስፍራው ኪራይ ጋር በአንድ ውል ይታሰራል። ባለ እርሻው ግብዣውን ሁሉ ከአዲስ አበባ ጭኖ ከማምጣቱ በፊት ደግሞ የከተማውን ባለሱቆች ቢያነጋግር ይበጀዋል። የሐይቁ ዓሣና የአካባቢው አትክልት እዚያው ይሸጣል፤ ወደ ሆላንድ የሚላከው ጽጌረዳም የሚበቅለው በዚያችው በዝዋይ ነው።