ክብደቱ አይይዘውም!

«ሃያ ቶን ብረት ነው፣ ወዴት ይሄዳል? ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል።»

ይህቺን ንግግር ከፎርማን፣ ከሎቤድ ሹፌር፣ ከማሽን ባለቤት ስንት ጊዜ ሰማኋት! ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ልጆች ሥራ ይዛችሁ ስትደግሟት ስሰማ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እስቲ እናስላው። የኤክስካቫተሩ ቼን ብረት ነው። የሎቤዱ ወለልም ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ፣ ጭቃና ግሪስ ተጨምሮበት፣ ሰበቃው የክብደቱን አንድ አምስተኛ ከያዘ ትልቅ ነገር ነው። 4 ቶን በሉት። አሜሪካኖቹም አውሮፓውያኑም ድንገት ፍሬን ሲያዝ ጭነት ወደፊት እንዳይሄድ ሲያስቡ የክብደቱን 80 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥራሉ። 16 ቶን ማለት ነው። ቀሪውን 12 ቶን ማን ይያዘው? ማሽኑ በከበደ ቁጥር የሚገፋው ኃይልም አብሮ ይከብዳል እኮ! ክብደት ለእናንተ ብቻ አይሠራም።

ይሄ ደግሞ ሜዳ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ቁልቁለቱ አለ፣ ኩርባው አለ፣ የጋለው ፍሬን አለ። ማሽኑ ወደፊት ከተንሸራተተ የሚያገኘው የሹፌሩን ጋቢና ነው። ወደ ጎን ከሄደ ደግሞ ከጎን የሚመጣውን ሚኒባስ።

«አስረነዋል እኮ» ትሉኛላችሁ። አይቻለሁ! አንዲት የዛገች ሰንሰለት ቼኑ ላይ ጣል ተደርጋ፣ ከኋላ የድንጋይ ታኮ። አንዳንዴም ኦፕሬተሩ ማሽኑ ካቢን ውስጥ ተኝቶ። (ይሄኛውን ምን እንደምለው እንኳ አላውቅም።)

በአሜሪካ ሕግ ከ4.5 ቶን በላይ የሆነ ባለ ቼን ማሽን ቢያንስ አራት ቦታ ይታሰራል። ሰንሰለቱ የሚያዘው ከታችኛው አካል ፍሬም ላይ ነው፤ ሲሊንደርና የዘይት ቱቦ አካባቢ ዝር እንዳይል። ባልዲው ወለሉ ላይ ወርዶ ቡሙ የራሱን ሰንሰለት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የላይኛው አካል ይዞራል። እግሮቹ ታስረው ቡሙ ኩርባ ላይ ወደ መንገዱ ቢወጣ ምን ዋጋ አለው? ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ። ቼኑ ውስጥ ያለው ጭቃ ሲረግፍ ሰንሰለቱ ይላላል።

በጣም የሚያናድደኝ ከአደጋ በኋላ ያለው ወሬ ነው። «ሹፌሩ ፈጠነ»፣ «ረዳቱ አላሰረም»። ማታ አስጭኖ «ለሊቱን ሳይት ይድረስ» ያለው ማን ነው? በሚሊዮኖች ማሽን ገዝቶ ለአራት ሰንሰለትና ለአራት ማጥበቂያ የሳሳው ማን ነው? ስሙ አይነሳም። ረዳቱ በተሰጠው ሰንሰለት ነው ያሰረው፣ ከየት ያምጣ?

አሁን ኮሜንት ላይ «ቲቸር፣ ሰንሰለት ውድ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቱ ንገሩት። አልገዛም ካለ የሎቤዱን ቁልፍ መልሱለት፤ ክብደቱ ይይዘዋል ካለ ዓባይ በረሃን ራሱ ነድቶ ይውረድ።