ከመግዛታችን በፊት ያለንን እንቁጠር



በዚህ የትምህርት ዓመት አጋማሽ ላይ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ለሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ሦስት የእንግሊዝኛ መጻሕፍትና አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንድንገዛላቸው የሚጠይቅ ነበር። መጻሕፍቱ እያንዳንዳቸው 50 ዶላር ገደማ ያወጣሉ። በዚያው ሳምንት የ3ኛ ክፍል መምህርት የአማርኛ ንባብ መጻሕፍት አልበቃ ብለው አንዱ ለሦስት ልጅ እየሆነ መቸገራቸውን ነግረውን ነበር። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ይዘን ማሰብ ግድ ሆነብን።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ እናስረዳ። አራት አምስት ልጆች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆንና ቦታውን፣ ሰዓቱንና የሚያጋጥመውን ነገር ይናገራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይወስናሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። በዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ታትሞ የተሸጠ ጨዋታ ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሲሆን፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ወጣ። ይሁንና መንፈሱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። “እንቆቅልህ” ብሎ የጠየቀ፣ መልሱ ሲጠፋም “አገር ስጠኝ” ብሎ በሐሳቡ ጎንደር ወይም ሐረር የገባ ሁሉ የዚህ ጨዋታ ዘመድ ነው።

መልስ ከመስጠታችን በፊት አንድ ረቡዕ ሄደን ከጎናቸው ተቀመጥን። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲጠየቅ ከአንድ ቃል በላይ የማይመልስ፣ በመንገድ ሶማልኛ፣ በስልኩ እንግሊዝኛ የሚቀናው ልጅ በዚያን ቀን የግመል ነጋዴ ሆኖ ነበር። ከሐረር በር ጠባቂ ጋር ስለ ቀረጥ ግማሽ ሰዓት ያህል በአማርኛ ተከራከረ። ቃል ሲጠፋው ጓደኞቹን ጠየቀ፤ ማንም አልሳቀበትም። እኛ ለዓመታት በልምምድ ደብተር የፈለግነውን ነገር እነሱ በጨዋታ አገኙት። ስለዚህ ጨዋታው ይቀጥል ስንል አላመነታንም። የቀረው ጥያቄ ለመቀጠል ምን ያስፈልገዋል የሚለው ነው።

በወላጆች ስብሰባ ሁለት ሥጋቶች ተነሥተዋል። የመጀመሪያው ጥንቆላና አጋንንት የሞላበት ነው የሚል ነው። መጽሐፉ ውስጥ አስማተኞችም ጭራቆችም አሉ። ነገር ግን ታሪኩን የሚመርጠው ጨዋታ መሪው ነው፤ የእኛ ልጆች ከሲራራ ነጋዴ፣ ከጅብና ከሽፍታ አላለፉም። ሁለተኛው ሥጋት ዳይስ ነው። ገንዘብ ባይያዝበትም ዳይስ በቤታቸው የማይፈቀድላቸው ተማሪዎች አሉን፤ ይህን ማክበር አለብን። መፍትሔው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የዳይስ እጥረት ሲያጋጥም አሳታሚው ራሱ በጨዋታው ሳጥን ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርቶኖች አስገብቶ ነበር። ልጆቻችንም ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ከኩባያ ያወጣሉ። ጨዋታው ምንም አልጎደለበትም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። አሳታሚው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መሠረታዊ ደንቦቹን የያዘ፣ 400 ገጽ ገደማ የሆነ ሰነድ ምንጩን ለጠቀሰ ሁሉ በነፃ እንዲገለበጥና እንዲተረጎም ፈቅዷል። ይህ ካለ ደንብ ለማወቅ 150 ዶላር ማውጣት አያስፈልግም። ተማሪዎቹ ከሰነዱ የሚያስፈልጋቸውን ጥቂት ገጽ መርጠው በአማርኛ እየመለሱ ነው። ገጸ ባሕርዩ ሲቆስል የሚቀነሰውን ቁጥር “ነፍስ” እንበለው ወይስ “ብርታት” ብለው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራክረዋል። እንዲህ ያለ ክርክር የትኛውም ሱቅ አይሸጥም።

የታሪክ ማሟያ መጻሕፍትም ቢሆኑ በእጃችን አሉ። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄደው የሲራራ ንግድ መንገድ ራሱ አንድ ጨዋታ ነው። ሪቻርድ በርተን የሙስሊም ነጋዴ መስሎ እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ በ1855 መጀመሪያ ሐረር ገብቷል፤ የጉዞው መጽሐፍም በ1856 ታትሟል። በ16ኛው መቶ ዘመን የታጠረውን የጁገልን ግንብና አምስቱን ጥንታዊ በሮች ካርታ ላይ መሣል ይቻላል። የላሞች ሥዕል ያለባቸው የላስ ጌል ዋሻዎች ከሐርጌሳ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቁ ነው። ይህን ሁሉ ትተን ማንም ያላየውን የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ለምን በውድ እንገዛለን?

ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራምም ያለን አስተያየት ተመሳሳይ ነው። ሮል20 የሚባለው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አገልግሎት ካርታና ዳይስ በኢንተርኔት ያቀርባል፤ ያለ ክፍያም ይሠራል። ወላጆቹ ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ አዲስ አበባ የተዛወሩ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር እንዲጫወት ይጠቅማል፤ ለዚህ እንጠቀምበት። አንድ ጠረጴዛ ከበው ለተቀመጡ ልጆች ግን ማያ ገጹ ዓይን ለዓይን መተያየትን ይሰርቃል። በእኛ አስተያየት ለዚህ ጨዋታ ከሁሉ የሚጠቅመው ፕሮግራም የአማርኛ መጻፊያ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ኪይማን ለኮምፒውተር፣ ጂቦርድ ለስልክ በነፃ ይገኛሉ። ሁሉም ተማሪ የገጸ ባሕርዩን ታሪክ በገዛ ፊደሉ መጻፍ ይችላል።

እንግዲህ ውሳኔያችን ይህ ነው። የዘንድሮው ገንዘብ ለ3ኛ ክፍል የንባብ መጻሕፍት ይውላል። ጠያቂዎቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቁሯል፤ አንፈርድባቸውም። በሥዕል ያማረ መጽሐፍ በእጅ መያዝ የራሱ ደስታ አለው፤ ለጨዋታ መሪ የተጻፈው መጽሐፍም በሳል ምክር ይዟል። ስለዚህ አንድ ቃል ገብተንላቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ የአማርኛው የደንብ ደብተር ተጠናቆ ቤተ መጻሕፍት ከገባ፣ የጨዋታ መሪውን መጽሐፍ እንገዛለን።

ከወላጆች የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። በክረምቱ የአያቶቻቸውን ተረት፣ የመጣችሁበትን አገር መንገድና ገበያ፣ ድንበር ስትሻገሩ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ እነሱም ይጻፉት። መስከረም ላይ ያ ጽሑፍ ለጨዋታው የመጀመሪያው ማሟያ መጽሐፍ ይሆናል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።